ወርልድ ክላስ ነህ፣ ቀንስልኝ

ነገሩ ወደ ሰፈራችን የገባው በኳስ በኩል ነው። ቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በሚታይባቸው ዲኤስቲቪ ቤቶች፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው የሚቀመጡት ወጣቶች መቼም የማያልቅ አንድ ሙግት አላቸው፤ እገሌ «ወርልድ ክላስ» ነው ወይስ አይደለም? ሙግቱ ሥርዓት አለው። አንድ አጥቂ ዓመቱን ሙሉ ጎል ሲያዘንብ ስለከረመ ብቻ ማዕረጉ አይሰጠውም። «በትልቅ ጨዋታ ላይ የታለ?» ይባላል። «ብሔራዊ ቡድኑን ምን ፈየደለት?» ይባላል። አንዱ ብድግ ብሎ በስሜት ሲመሰክር፣ ሌላው ከስልኩ ቁጥር እያወጣ ያፈርስበታል። ለገበታ የማይበቃ ገንዘብ ከፍለው የገቡ ልጆች፣ በሚሊዮን ፓውንድ የተገዛን ተጫዋች «ገና ነው፣ ይብሰል» ብለው ይመልሱታል። በበኩሌ ይህንን ዳኝነት አከብራለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ጨዋታው አልቆ ከቤቱ ሲወጡ ነው። ጫማቸውን እንደሚያራግፉ ቃሉንም ደጃፍ ላይ አራግፈውት ቢሄዱ መልካም ነበር። ይዘውት ወጡ። መጀመሪያ የተሾመው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ቤቱ ከዲኤስቲቪ ቤቱ ጎን ስለሆነ ማዕረጉ ሩቅ አልሄደም። ከዚያ ሱሪ የሚያሳጥረው ልብስ ሰፊ፣ ከዚያ ጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ፣ ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሽ የሚያዞረው። ብዙም ሳይቆይ መንደሩ በሙሉ ወርልድ ክላስ ሆነ። ዓለም ሳታውቃቸው የዓለም ሆነው ቁጭ አሉ።

እኔ በዚህ ብዙም ባልከፋ ነበር። ሰው ይመሰገን፣ ምን ገዶኝ! የከነከነኝ ምስጋናው የሚመጣበት ሰዓት ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ሥራው ሲጀመር አይመጣም፤ በሥራው መሐልም አይመጣም። የሚመጣው ሥራው አልቆ፣ ባለሙያው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና ሲል፣ «ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ልክ አንድ ትንፋሽ ቀደም ብሎ ነው።

ከሰፈራችን ጎሚስታ ዘንድ የሆነውን ላጫውታችሁ። አሮጌ ላዳ የያዙ አንድ ጎልማሳ የኋላ ጎማቸው ተንፍሶባቸው መጡ። ልጁ መኪናውን በክሪክ አነሣ፣ ጎማውን ፈታ፣ ከቸርኬው አላቀቀና ከመነዳሪውን ጎትቶ አወጣ። ንፋስ ሞልቶ ውሃው ከጠቆረ ሳፋ ውስጥ እየነከረ ቀስ እያለ ያዞረው ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን አረፋ ይጠብቃል። እሱ ግን አረፋው ከመታየቱ በፊት ጉንጩን አስጠግቶ ቆመ፤ ንፋሱን በቆዳው ነው የሚያገኘው። ቀዳዳው እንደ መርፌ ጫፍ ነበር። በአውራ ጣቱ ያዘው፣ አደረቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ፈገፈገው፣ ማስቲሽ ቀባውና ዝም ብሎ ተቀመጠ። ባለመኪናው «ለጥፈዋ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉት። «ይድረቅ» አላቸው። ሙያው ሁሉ እዚያች ዝምታ ውስጥ ነው ያለው፤ ሳይደርቅ የሚለጥፍ ጎሚስታ ደንበኛውን በማግስቱ መልሶ ያገኘዋል፤ ሁለት ጊዜ ይከፈለዋል። ይኼኛው ጠበቀ፣ ለጠፈ፣ ቀጠቀጠ፣ እንደገና ነከረ። አንዲት አረፋ የለችም።

ባለመኪናው ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆይተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«አንተ ልጅ፣ ወርልድ ክላስ እኮ ነህ! እንዲያው ያለ ቦታህ ነው እዚህ የተቀመጥከው!»

የልጁ ፊት ቅጭም አለ።

«ስንት ነው?»

«መቶ ሃምሳ።»

«ኧረ በሕግ አምላክ! ደንበኛ አይደለሁም እንዴ? ሰማንያ ያዝ።»

ልጁ ሳፋውን ወደ ዳር እየገፋ፣ «ጋሼ፣ ወርልድ ክላስ ያሉኝ ጊዜ ነው የፈራሁት» አላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ስከታተል፣ እነዚህ የእንግሊዝኛ ማዕረጎች እያንዳንዳቸው የታወቀ ተመን እንዳላቸው ደርሼበታለሁ። «ጎበዝ» የተባለ ሰው ሙሉ ዋጋውን ይቀበላል። «ፕሮፌሽናል» የተባለ የሻይ ያህል ይቀንሳል። «ፕሮፌሽናል እኮ ነህ» ተብሎ «እኮ» ከተጨመረበት ቅናሹ ከፍ ይላል። «ኢንተርናሽናል ነህ» ማለት ዱቤ ነው። «ወርልድ ክላስ ነህ» ከተባለ፣ «ሰው እልክልሃለሁ» የሚለው ከኋላው ይከተላል፤ የሚላከው ሰውም ሲመጣ እንዲሁ ወርልድ ክላስ ይለዋል እንጂ አይከፍለውም።

«ሌጀንድ» የሚለው ደግሞ የብቻው ታሪክ ነው። እሱን የምናስቀምጠው ለኪነ ጥበብ ሰዎች ነው። አንድ ድምፃዊ ወይም ተዋናይ በጤናው እያለ፣ እየሠራ ሳለ እንዲህ ብሎ የሚጠራው የለም፤ «አለ እንዴ እሱ?» ነው የሚባለው። ድንገት አንድ ጠዋት ፎቶግራፉ ከ«ሌጀንድ» ጋር ከወጣ ልባችሁ ይደንግጥ። ከስሙ በፊት ሌጀንድ የሚል ካያችሁ፣ ከስሙ በኋላ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይኖራል።

ለመሆኑ ለሙያተኛ የሚሆን የራሳችን ምስጋና ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። አጠቃቀሙ ነው የተለየው። አክስቴን ልጥቀስ። የፋሲካ ዕለት ከቨርጂኒያ የመጣ የአጎቴ ልጅ ቤቷ ተጋብዞ ነበር። አክስቴ ዶሮ ስትሠራ አጠገቧ አያስቆምም። ሽንኩርቱን ራሷ አድቅቃ ትከትፋለች፤ ቁሌቱን ከዋዜማው ጀምራ፣ እሳቱን እየቀነሰች፣ ውሃ ጠብ እያደረገች ስታማስል ታመሻለች። ዶሮው በሎሚና በጨው ታጥቦ ታጥቦ ሽታ የሚባል ነገር ይረሳል። 12ቱ ብልት አንዱም ሳይሰበር፣ አንዱም ሳይጎድል ወጡ ውስጥ ይገባል። ቤተ ዘመድ እነዚያን ብልቶች በዓይኑ እንደሚቆጥር ታውቃለች።

እንግዳው አንድ ጉርሻ እንደዋጠ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «አክስቴ! ይኼ እኮ ወርልድ ክላስ ነው!» አለ።

አክስቴ ወደኔ ዞራ በሹክሹክታ፣ «ምን ጎደለው አለ?» አለችኝ።

«ኧረ ማመስገኑ ነው። በዓለም ደረጃ ከሚሠራው እኩል ነው ማለቱ ነው።»

«ዓለም ደግሞ ዶሮ መሥራት ከመቼ ወዲህ ቻለ?» ብላ ጭልፋዋን አነሣች።

እሷ የምታውቀው ምስጋና ሌላ ነው። በልቶ «እጅሽ ይባረክ» ያለ ሰው አመስግኗል፤ እሷም «አሜን» ብላ ትቀበላለች፤ እዚያው ያልቃል። «ባለሙያ ናት» የሚለው ትልቁ ማዕረግ ግን ፊት ለፊት አይባልም። ጎረቤቶቿ በሌለችበት፣ ለቅሶ ቤት ሽንኩርት ሲልጡ፣ «እሷ እኮ ባለሙያ ናት» ይባባላሉ፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ ይደርሳታል፤ እሷም እንዳልሰማች ትሆናለች። ሙያ በልብ ነው የሚሉ ሰዎች አገር ነውና፣ አመስጋኙም ተመስጋኙም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ፊት ለፊት ማመስገን ደግሞ ሌላም ጣጣ አለው። ያማረ ሕፃን አይቶ «ሲያምር!» ብሎ ዝም ያለ ሰው፣ እናቲቱ «እትፍ በልበት እንጂ!» ትለዋለች። ጥሩ ጥጃ፣ ጥሩ ሰብል፣ ጥሩ ድምፅ፣ ሁሉም በዓይን ይበላል። ስለዚህ ምስጋናውን በምርቃት ጠቅልሎ፣ የፈጣሪን ስም ከፊትም ከኋላም አስገብቶ ነው የሚያቀብሉት። «ወርልድ ክላስ» ካለ በኋላ እትፍ ያለ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። ቡዳም እንግሊዝኛ አይሰማም መሰለኝ።

ቡዳን ካነሣን አይቀር፣ የማይነሣውንም እናንሣው። በዚህ አገር እጁ የሠለጠነ ሰው ሲወደስ ሳይሆን ሲሰደብ ነው የኖረው። ገበሬው ማረሻውን ቀጥቃጩ ሠርቶለት፣ ሸማውን ሸማኔው አልብሶት፣ ጠላውን ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ጋን ጠምቆ ይጠጣና፣ ሞቅ ሲለው የሚሰድበው እነሱኑ ነበር። ቀጥቃጩ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። «ጠይብ» ማለት ጥበብን ያህል ነገር የያዘ ቃል ሆኖ ሳለ፣ በመንደር አፍ ስድብ ሆኖ ቀረ። ነገሩ ሥር ከመስደዱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ሙያተኛ እንዳይሰደብ በነጋሪት መታዘዝ የነበረበት ሕዝብ፣ ሙያተኛን ለማወደስ ቃል ቢቸግረው ምን ይገርማል?

ስለዚህ እንግሊዝኛውን በጅምላ አልራገምም። አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አያት አይጠራም። አያቱ ብረት ቀጥቅጠው ያሳደጉት፣ በልጅነቱ በዚሁ የተሰደበ በያጅ፣ ዛሬ ጋራዡ በር ላይ «ፕሮፌሽናል የብረታ ብረት ሥራ» ብሎ ሲለጥፍ ማንም ስለ ጅብ አያነሣበትም። ያ ሰሌዳ አዋጁ ያልጨረሰውን ሥራ በአንድ ቆርቆሮ ጨርሶታል። እንዲህ ላለው ቦታ ቃሉ ከየትም ይምጣ፣ እሰየው ነው።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ ማንም ሳይፈትን መሰጠቱ። አባቶቻችን ማዕረግ ሲሰጡ ያስከፍሉ ነበር፤ በብር ሳይሆን በዕድሜ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን፣ አራቱንም ጉባኤ የዘለቀ ሰው «አራት ዓይና» ይባላል። ስሙ ራሱ እንዴት ያለ ስም ነው! ድጓ የተማረም ተማርኩ ስላለ አይበቃውም፤ ጋይንት ወርዶ ቤተልሔም ላይ ማስመስከር አለበት። ዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ ዙር አባ ነው። ቆሎውን ቋጥሮ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ውሻ እያሯሯጠው ዓመታት የቆየ ተማሪ እዚያ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ዜማው አንዲት ቦታ ላይ ከተሰበረ «ተመለስ» ይባላል። ከዚያ በኋላ አገሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ያህል ታውቃለህ?» አይደለም፤ «የት አስመሰከርህ?» ነው።

እስቲ ይህንን ጥያቄ ለዛሬዎቹ ማዕረጎች አቅርቡት። ወርልድ ክላስ የት ነው የሚመሰከረው? አንድ ጉዳይ ይዤ የተመላለስኩበት መሥሪያ ቤት መግቢያው ላይ የአምስት ዓመት ራዕዩን በትልቁ ለጥፏል፤ «ወርልድ ክላስ አገልግሎት መስጠት» ይላል። ከሥሩ አንድ መስኮት አለች፤ መስኮቷ ላይ እስክሪብቶ በሲባጎ ታስሯል፤ ሲባጎው ደግሞ እስከ ቅጹ አይደርስም። ሰው ቅጹን ወደ እስክሪብቶው እያስጠጋ፣ ግድግዳ ላይ ተንጠራርቶ ይጽፋል። ማኅተሙን የያዙት ሴትዮ ሻይ ወጥተዋል። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተማሪ፣ ራሱ መምህር፣ ራሱ ቤተልሔም ሆኖ አስመስክሯል። ሥራ ፈላጊ ወጣቶችም ከዚሁ ተምረው፣ የሥራ ማመልከቻቸው አናት ላይ ስለራሳቸው የሚጽፉት ውዳሴ ለሙሽራ የሚገጠም ይመስላል። አንድ ቀጣሪ ወዳጄ፣ «እኔ የምፈልገው ደህና ሒሳብ ያዥ ነበር፤ ያመለከቱት ግን ሁሉም ወርልድ ክላስ ሆኑብኝ፤ ደህና የሚባል ሰው አጣሁ» ብሎኛል።

የሚገርመው ግን እውነተኞቹ የዓለም ሰዎች አሉን፤ እነሱን ደግሞ እንዲህ ብለን አንጠራቸውም። ቀነኒሳ በቀለ በ2004 እ.ኤ.አ. ሄንገሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ፣ በዓመቱ ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ፣ ሁለቱም ክብረ ወሰኖች እስከ 2020 ድረስ የሚነካቸው አልተገኘም። ያስመሰከረው በሰዓት ፊት ነው፤ ሰዓት ደግሞ ዘመድ የለውም። የሰፈራችን ልጆች ስለሱ ሲያወሩ «ወርልድ ክላስ ነው ወይ?» ብለው ሲሟገቱ ሰምቼ አላውቅም። ስሙን ይጠሩታል፣ አበቃ። ታክሲ እንዳያመልጠው የሚሮጥ ሰው ካዩም «ኃይሌ! ኃይሌ!» ነው የሚሉት። ስማቸው ራሱ ማዕረግ ሆኗል፤ ሌላ ምን ይጨመርበታል?

ከሁሉ የምወደው ግን የምሩፅ ይፍጠርን ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ኦሎምፒክ ላይ 10,000ውንም 5,000ውንም ወርቅ ወሰደ። አሯሯጡ ልዩ ነበር፤ ከመሪዎቹ ኋላ ተደብቆ ይቆይና 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ድንገት ይፈተለካል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ጋዜጠኞች ይህንን አይተው ከአባቱ ስም ጋር ቤት የሚመታ ቅጽል አወጡለት፤ «ይፍጠር ዘ ሺፍተር» አሉት። የኛ ሰው ያንን እንዳለ አላንጠለጠለውም። «ማርሽ ቀያሪው» አለው። እንዲህ ነው ማመስገን! ሰውየው ምን እንዳደረገ፣ መቼ እንዳደረገው፣ እንዴት እንዳደረገው ሁለት ቃል ውስጥ ገብቷል። ወርልድ ክላስን ለማንም መለጠፍ ይቻላል፤ ማርሽ ቀያሪውን ከምሩፅ ላይ ነቅሎ ሌላ ሰው ላይ መለጠፍ አይቻልም። ደግሞስ «ማርሽ» የፈረንጅ አይደለም? ክሪኩም፣ ከመነዳሪውም፣ ማስቲሹም፣ ራሱ «ጎሚስታ» የሚለውም ከጣሊያን ጋር የመጡ ናቸው። ቃሉ ባሕር መሻገሩን አልጠላሁትም። ሥራ ይዞ የመጣ ቃል ይግባ፤ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል። ባዶ እጁን መጥቶ ሒሳብ ሊያስቀንስ የሚሞክረው ነው ያስቸገረኝ።

ባለሙያዎቹም እየነቁ ነው። በቀደም የግቢያችን ብሬከር ተቃጥሎ አከራያችን አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠሩ። ልጁ ዋናውን አጥፍቶ፣ በባትሪ መብራት፣ ማን እንዳሰረው የማይታወቀውን የሽቦ ጥምጥም ፈትቶ፣ የቀለጠውን ቆርጦ፣ እያንዳንዱን መሥመር ለየብቻው አስሮ፣ ምልክት አድርጎበት ጨረሰ። አከራያችን ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ ሲያደርጉ ምን ሊመጣ እንደሆነ ገባኝ።

«ልጄ፣ አንተ እኮ ወርልድ ክላስ ነህ!»

«አመሰግናለሁ ጋሼ» አለ ልጁ ስልኩን እያወጣ፣ «እንግዲያው በዶላር ነዋ። የዛሬው ምንዛሪ እዚህ አለ።»

አከራያችን ተደናገጡ። «ኧረ፣ እኔ እንኳ ጎበዝ ልጅ ነህ ለማለት ነው።»

«ለጎበዝ ስምንት መቶ ብር ነው።»

«ደህና ትሠራለህ ብልህስ?»

«ደህና ለሚሠራ ነገ ሌላ ሰው ይጠራሉ፤ ያኔ ሁለታችንንም ይከፍላሉ።»

አከራያችን ወደኔ አዩ፤ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ገብተው ስምንት መቶውን ቆጥረው አመጡ። ልጁም ቆጥሮ ኪሱ ከተተና ዋናውን ወደ ላይ አደረገው። ምንም የለም። እንደገና አወረደው፣ እንደገና ከፍ አደረገው፤ ያው ነው። አከራያችን እጃቸውን ወደ ልጁ ኪስ ሊዘረጉ ትንሽ ሲቀራቸው፣ ከአጥር ወዲያ የጎረቤታችን ድምፅ ተሰማ፦

«እናንተም ጋ ሄደ?»